አንድ ታካሚ፣ ሁለት የውጤት መዝገብ

የሕክምናና የነርስ ተማሪዎች ለድንገተኛ ሕክምና አብረው ይሠልጥኑ የሚለው ሐሳብ በተነሣ ቁጥር የሚቃወመው ሰው አይገኝም፤ ሥራ ላይ ያዋለው ተቋም ግን ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሐሳቡን የሚደግፍ ሰነድ በ1988፣ የተግባር ማዕቀፉን ደግሞ በ2010 አውጥቷል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ትርጉሙም ሁለት ዓይነት ተማሪዎችን በአንድ አዳራሽ ማስቀመጥ ሳይሆን አንዱ ስለ ሌላው፣ ከሌላው እና ከሌላው ጋር እንዲማር ማድረግ ነው።

ለመዘግየቱ ዘወትር የሚሰጡት ምክንያቶች የመምህር እጥረት፣ የተማሪ ብዛትና የመለማመጃ አሻንጉሊት ዋጋ ናቸው። እውነትነት አላቸው፤ ነገር ግን በአንድ አልጋ፣ በአንድ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ ትንፋሽ በሚሰጥ ከረጢት) እና በባዶ ስሪንጅ ብዙ መለማመድ ስለሚቻል፣ ችግሩን ሁሉ በበጀት ማሳበብ አጥጋቢ አይመስልም። ተገቢው ክብደት ያልተሰጠው ምክንያት ምዘናው ነው። የሕክምና ተማሪው በሽታውን በመለየቱና መድኃኒት በማዘዙ ይፈተናል፤ የነርስ ተማሪዋ መድኃኒቱን በማዘጋጀቷና በመስጠቷ ትፈተናለች፤ ትእዛዙ ከአንዱ አፍ ወጥቶ ከሌላዋ እጅ እስኪደርስ ያለውን መንገድ ግን የሚያርም ፈታኝ የለም። ተማሪም ነጥብ ለማያገኝበት ነገር ሌሊት አያነብም።

ይህ መንገድ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ አድሬናሊን ብቻውን ያሳያል። ልቡ መምታት ላቆመ አዋቂ ታካሚ በየ3 እስከ 5 ደቂቃው 1 ሚሊግራም በደም ሥር ይሰጣል፤ በከባድ አለርጂ ትንፋሽ ላጠረው አዋቂ ግን የሚሰጠው 0.5 ሚሊግራም ሲሆን እሱም በጡንቻ ነው። ስለዚህ በግርግር መካከል «አድሬናሊን ስጡ!» ተብሎ ሲጮኽ ለማን እንደታዘዘ፣ ምን ያህል እንደሆነና በየት በኩል እንደሚሰጥ አልተነገረም ማለት ነው። ዝግ ዑደት ያለው ንግግር በሚባለው አሠራር አዛዡ ተቀባይዋን ለይቶ ይጠራል፦ «ሲስተር፣ አድሬናሊን 1 ሚሊግራም በደም ሥር።» ተቀባይዋ መጠኑንና መንገዱን ትደግማለች፤ ከሰጠች በኋላም «ተሰጥቷል» ብላ ሰዓቱን ትናገራለች። ልምምዱ የሚጠይቀው ሁለት ሰው ነው፤ ሁለቱ ሰዎች ግን የሚመረቁት ከተለያየ ትምህርት ክፍል ነው።

በእንግሊዝ አገር በ2005 አንዲት የሁለት ልጆች እናት ለቀላል የሳይነስ ቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ ከተሰጣት በኋላ የአየር ቧንቧዋ ተዘግቶ፣ ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ቱቦ ለማስገባት ደጋግመው ሲሞክሩ ጊዜው አለፈ። አንዲት ነርስ አንገትን በስቶ አየር ለማስገባት የሚያገለግለውን መሣሪያ አምጥታ መቅረቡን ተናግራ ነበር፤ ሌላዋም በጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ ካስያዘች በኋላ ነገሩን ያጋነነች መስሎ ስለታያት አሰረዘችው። ታካሚዋ ከ13 ቀን በኋላ አረፈች። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ድፍረት ማነስ ይተረካል፤ ይሁን እንጂ ነርሷ ተናግራለች፤ የጎደለው ንግግሩን የሰማ ሁሉ ሥራውን ገታ አድርጎ እንዲመልስ የሚያስገድድ፣ በሁለቱም ወገን የተለመደ ሥርዓት ነበር።

ኢትዮጵያ ለአብሮ ሥልጠና እንግዳ አይደለችም። በ1954 የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ያሰማራ ነበር፤ የቡድን ሥልጠናው ልማድም ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተሻግሯል። ይሁንና ልማዱ የጤና ጣቢያውንና የማኅበረሰቡን ሥራ ይዞ ሲቀጥል በሆስፒታሉ የድንገተኛ ክፍል በር ላይ የቆመ ይመስላል።

ማስረጃው ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን በ2013 ከመረመራቸው 15 ጥናቶች 7ቱ መልካም ውጤት፣ 4ቱ የተደባለቀ ውጤት ሲያሳዩ 4ቱ ለውጥ አላገኙም። በአሜሪካ በ9 ሆስፒታሎች የድንገተኛ ክፍሎች ላይ ተካሂዶ በ2002 የታተመ ጥናት የቡድን ሥልጠና ባገኙት ዘንድ የሕክምና ስሕተት ከ30.9 ወደ 4.4 በመቶ መውረዱን ዘግቧል፤ ሠልጣኞቹ ግን በሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎች እንጂ ተማሪዎች አልነበሩም። በተማሪዎች ላይ የሚደረገው ጥናት በአብዛኛው ከሥልጠናው ማግስት አመለካከታቸውን የሚጠይቅ መጠይቅ ስለሆነ፣ ከዓመታት በኋላ በሌሊት ተረኝነት ምን እንደሚያደርጉ ብዙ አይናገርም።

ተለያይቶ የመሠልጠኑ መዘዝ የሚወድቀውም በዚያው ሌሊት ተረኛ ላይ ነው። ኢንተርኑ (በሆስፒታል የመጨረሻ ዓመት ልምምድ ላይ ያለው የሕክምና ተማሪ) በየጥቂት ሳምንቱ ክፍል ሲቀይር ነርሷ በዚያው ለዓመታት ትቆያለች፤ አምፑሉ በየትኛው መሳቢያ እንዳለ፣ የኦክስጅኑ ሲሊንደር መቼ እንደሚያልቅ የምታውቀው እሷ ናት። መጥቶ የሚሄደውን ኢንተርን ሁሉ ማረም ሲያደክማት «እሺ ዶክተር» ብላ ማለፍ ትጀምራለች፤ እሱም ዝምታዋን እንደ ስምምነት ይወስደዋል።

የምዘናውን ክፍተት ለመሙላት ሁለቱ ተማሪዎች አብረው የሚመዘኑበት የጋራ ፈተና ሲታሰብ፣ ብርቱ ተማሪ በደካማ አጣማሪው ምክንያት ሊወድቅ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተቃውሞውም ቀላል አይደለም። ከነጥቡ ከፊሉን ብቻ የጋራ ማድረግ፣ ጥንዶቹንም በየፈተናው ማለዋወጥ ስጋቱን ያቃልለዋል። ከዚያ የሚቀረው የሁለቱ ትምህርት ክፍሎች የድንገተኛ ክፍል አታችመንት (የተግባር ልምምድ ጊዜ) ቢያንስ ለሁለት ሳምንት እንዲገጣጠም ማድረግ ሲሆን፣ ይህ ከአሻንጉሊት ግዢ ይልቅ ርካሽ ቢሆንም መርሐ ግብራቸውን ለመለወጥ ፈቃደኛ የሆኑ የሁለት ኃላፊዎችን ፊርማ ይጠይቃል።