በጥናት ቤት ያለው ተለማማጅ

ተለማማጅ ተማሪ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበን ሴሚስተሩን ፋብሪካ ውስጥ የሚያሳልፈው የኢንጂነሪንግ ተማሪ ወይም ነጭ ጋውን ለብሶ ሐኪም የሚከተለው ነው። ብዙም የማይወራለት ሌላ ተለማማጅ አለ፤ እሱ የሚገኘው ለትርፍ በማይሠራ የፖሊሲ ጥናት ድርጅት ውስጥ ነው።

እንዲህ ያሉ ድርጅቶች በአገራችን ብዙ አይደሉም። በ1990 ዓ.ም. የተቋቋመውና ደሳለኝ ራህመቶ ለዓመታት የመሩት የማኅበራዊ ጥናት መድረክ አንዱ ነው፤ የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማኅበር ሌላው። ሥራቸው ስለ መሬት፣ ስለ ድህነት፣ ስለ ዋጋ ንረት አጥንቶ ባለሥልጣንና ምሁርን አንድ አዳራሽ ውስጥ ማከራከር፣ ውጤቱንም ማሳተም ነው። በ2001 የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከመቶ 10 በላይ ከውጭ የሚያገኘውን ድርጅት ከመብት ነክ ሥራ ስላገደ ዘርፉ ለአሥር ዓመት ያህል ተኮማትሮ ቆየ። በ2011 አዋጅ ቁጥር 1113 ሲተካው ነው እፎይ ያለው።

ተማሪው ከዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ ይዞ ይመጣል። የሚሰጠው ሥራ እንደ ድርጅቱ ስም የገዘፈ አይደለም፦ የቆዩ ጥናቶችን ማንበብ፣ የመጠይቅ መልስ ኮምፒውተር ላይ ማስገባት፣ በስብሰባ ቀን በር ላይ ተቀምጦ ስም መመዝገብ፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ ተሰብሳቢውን አበል ማስፈረም (ይህ የመጨረሻው ስለ አገራችን ፖሊሲ ብዙ ያስተምራል)። ከሁሉ የሚሰለቸው ቃለ መጠይቅን ከድምፅ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው፤ የአንድ ሰዓት ንግግር የጀማሪን ግማሽ ቀን ይበላል። በእኔ ግምት ግን ከሁሉ የሚጠቅመው ይኸው ነው። ገበሬው የት ላይ ዝም እንዳለ፣ ጠያቂው የት ላይ መልሱን አፉ ውስጥ እንደጨመረለት የሚሰማው ገልባጩ ብቻ ነውና።

ትምህርቱ የሚበስለው መስክ ሲወጣ ነው። ከአንኮበር ገደል በታች፣ አማራና አርጎባ አብረው የሚኖሩባት ዲንኪ የምትባል ቆላማ መንደር አለች። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ጋር ባካሄደው የገጠር ቤተሰብ ጥናት ውስጥ ገብታ፣ በ1986 ቁጥራቸው 15 ከደረሰው የጥናቱ መንደሮች አንዷ ሆናለች። ከ1,400 በላይ አባወራዎች በየጊዜው እየተመለሱ ተጠይቀዋል፤ ስለ ኢትዮጵያ ገበሬ በውጭ መጽሔቶች የወጣ ብዙ ጽሑፍ የቆመው በእነዚህ ሰዎች መልስ ላይ ነው።

መልሱ ግን እንዲሁ አይገኝም። መጠይቁ «ስንት ሄክታር መሬት አለዎት?» ይላል፤ ገበሬው በጥማድ ይመልሳል። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ነው ተብሎ ይሰላል፤ በሬው በአንድ ቀን የሚያርሰው ግን በጥቁር አፈርና በድንጋያማ ቁልቁለት እኩል አይደለም። የአንዲትን ባልቴት መሬት በእኩል የሚያርስ ሰው «የእርስዎ መሬት» ሲባል ያንን አይቆጥረውም። ከብት ሲጠየቅማ ቁጥር መጥራት ራሱ ደስ አይለውም። ይህንን በዚያው ዙሪያ ያለው የይፋት ልጅ፣ የቀወት ወይም የሸዋ ሮቢት ተወላጅ፣ ሳይነገረው ያውቃል፤ ማሾ የሚዘራው፣ ሽንኩርት በመስኖ የሚያለማው አባቱ ወይም አጎቱ ነው።

ችግሩ ልምምዱ ያለው አዲስ አበባ መሆኑ ነው። ሸዋ ሮቢት ከዋና ከተማዋ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ልምምዱ በአብዛኛው ደመወዝ የለውም፤ ቢኖር የትራንስፖርት ነው። ስለዚህ ዕድሉ የሚደርሰው አዲስ አበባ የሚያርፍበት ዘመድ ቤት ላለው ነው፤ ጥማድና ሄክታርን የሚለየው ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ እሱ አይደለም። በ1957 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት መንገዱን በተቃራኒው አድርጎት ነበር፦ ተማሪው ዲግሪ ሳይወስድ አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ ማገልገል ነበረበት፤ አብዛኛው ያስተምር ነበር። ያ ግዴታ ነበር፤ ቅሬታም አላጣውም። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህ ግን የጥናት ድርጅቶች ተለማማጁን እዚያው ከይፋት አጠገብ መልምለው መስክ ላይ ቢያስጀምሩት አበሉም ከአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ይቀል ነበር።

ጊዜውም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ተማሪ ነፃ የሚሆነው በክረምት ነው፤ ገበሬው ደግሞ ማሾና ጤፍ ለመዝራት የሚሯሯጠው ያኔ ነው። ሐምሌ ውስጥ መጠይቅ ይዞ ማሳ ዳር የቆመን ሰው ማንም አይወድም። ነገሩ የገባው ተለማማጅ ሞፈር የማይነካበትን ቀን ይጠብቃል፦ ክርስቲያኑን በወሩ በ12 በሚካኤል፣ በ21 በማርያም፤ ሙስሊሙን ዓርብ ከጁምዓ ሶላት መልስ። እንደ ዲንኪ ሁለቱም ባሉበት መንደር የመስክ ዕቅዱ ሲወጣ ሁለቱንም ቆጠራ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ግድ ነው።