ካዛን የሌለው ተጫዋች

ለስሜን ሰው በረዶ ጨዋታ አይደለም። ገብሱን ለማጨድ ሳምንታት ሲቀሩት ሌሊት መጥቶ የሚያቃጥል ውርጭ ነው፤ ማለዳ ሣሩ ላይ የሚያበራ አመዳይ ነው። በረዶ ላይ ተንሸራተው የሚጫወቱ ሰዎች በዓመት ሚሊዮን ዶላር ይከፈላቸዋል ብትሉ ደባርቅ ገበያ ላይ የሚያምናችሁ አይገኝም። ጨዋታውን ራሱን ግን ከደባርቅ እስከ ዳባት የማያውቅ የለም። ቆልማማ ዱላ፣ ሩር፣ ሁለት ጎራ። በገና ሜዳ ላይ አሽከር ጌታውን ቢጎሽም ቂም የለም የሚል የቆየ ልማድም አለ።

በሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ ግን ቂሙ ከባድ ነበር። እ.ኤ.አ. መስከረም 2004 የክለብ ባለቤቶች በሩን ዘጉ። እዚህ ላይ ቃሉን መለየት ያስፈልጋል፤ ተጫዋቹ ሥራ አላቆመም፣ አሠሪው ነው ሥራ የዘጋው። የእኛም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ሁለቱን ለይቶ ያውቃቸዋል። ጠቡ በአንድ ነገር ላይ ነበር፣ በደመወዝ ጣሪያ። ባለቤቶቹ አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ ሁሉ በዓመት በሚያወጣው ገንዘብ ላይ ወሰን ይበጅ አሉ፤ የተጫዋቾቹ ማኅበር እምቢ አለ። 310 ቀን አለፈ፤ አንድ የውድድር ዘመን ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ። ዋንጫው፣ ስታንሊ ካፕ፣ ሳይሸለም የቀረው እ.ኤ.አ. ከ1919 የኅዳር በሽታ ወዲህ ያን ጊዜ ነበር።

ተጫዋቾቹ ታዲያ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ወደ 390 የሚጠጉት ባሕር ተሻግረው ወደ ሩሲያ፣ ስዊድን፣ ቼክ፣ ፊንላንድና ስዊዘርላንድ ሄዱ። ጆ ቶርንተንና ሪክ ናሽ በስዊስ ተራሮች መካከል ባለችው በዳቮስ ለሚገኘው ክለብ ተጫወቱ። ከሁሉም የሚያስቀው የሩሲያዋ የካዛን ነገር ነው። ከተማዋ የሺህኛ ዓመት ልደቷን ልታከብር ስትሰናዳ ክለቧ አክ ባርስ ሌካቫሊዬን፣ ሪቻርድስን፣ ሂትሊን፣ ኮቫልቹክን፣ ግብ ጠባቂውን ሃቢቡሊንን ሰበሰበ። በገንዘብ የሚገኝ ነገር ሁሉ ተገኘ፤ ቡድኑ ግን ከጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ዙር አልዘለለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በሩ ለ119 ቀን ዳግመኛ ሲዘጋ ኦቬችኪን ወደ ሞስኮው ዲናሞ፣ ማልኪን ወደ ማግኒቶጎርስክ፣ ያግር ደግሞ ራሱ ባለቤት ወደሆነበት ወደ ክላድኖ ገቡ።

ይህን የማነሳው ስለ ሆኪ ለማውራት ብዬ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽንና ክለቦች ተሰብስበው የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። ያኔ ከመቶ ሺህ በላይ የሚያገኙ ተጫዋቾች እንደነበሩ ይወራ ነበር። የክለቦቹም ምክንያት ከንቱ አልነበረም። አብዛኞቹ የሚተዳደሩት ከከተማ አስተዳደርና ከመንግሥት ድርጅት በሚቆረጥ በጀት ነው፤ የትምህርት ቤት ወንበርና የአጥቂ ፊርማ ከአንድ ካዝና ሲወጡ አንድ ሰው «ይብቃ» ማለቱ አይቀርም። እኔም ብሆን እል ነበር።

ልዩነቱ ያለው ከጣሪያው ሥር ነው። ኤንኤችኤል እ.ኤ.አ. በ2005 ጣሪያውን ሲያበጅ ለአንድ ክለብ 39 ሚሊዮን ዶላር ብሎ ነበር፤ ተጫዋቾቹም በእጃቸው ካለው ውል ላይ 24 በመቶ ተቀንሶባቸዋል። ተሸንፈዋል ማለት ይቻላል። ነገር ግን ጣሪያው ከሊጉ ገቢ ጋር ታስሮ ነበር፤ ገቢው ሲያድግ ጣሪያውም ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2013 ስምምነትም ከገቢው ድርሻቸው 50 በመቶ ሆነ። የእኛ ጣሪያ ከምንም ጋር አልታሰረም። ሊጉ ከዲኤስቲቪ ጋር የ5 ዓመት፣ የ22.5 ሚሊዮን ዶላር ውል ሲፈርም ያቺ 50,000 ብር ከውሉ ጋር አብራ የምትነሣበት መሰላል አልነበራትም። በወሰኑባት ክረምት ወደ 1,700 ዶላር ገደማ ነበረች። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ያቺው ብር 500 ዶላር አትሞላም።

በዚያ ላይ ደባርቅና ዳባት በዚህ ሂሳብ ውስጥ የራሳቸው ቦታ አላቸው። የዚህ አካባቢ ክለብ የጎንደሩ ፋሲል ከነማ፣ ዐፄዎቹ፣ ነው። ከደባርቅ እስከ ፋሲለደስ ስታዲየም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሌሊት ሚኒባስ ተሳፍሮ፣ ዳባትን አልፎ፣ ጨዋታ አይቶ ማምሻውን መመለስ ይቻል ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ግን ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ይካሄዳል። ፋሲል የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያነሣው በዚያው ዓመት ነው፤ ደባርቆችም ድሉን ያዩት ዲኤስቲቪ ባለበት ሻይ ቤት ተጨናንቀው ነው። የሜዳ ትኬት ገቢ የሚባለው ነገር ያን ጊዜ አከተመ፤ ክለቡ ከበጀት ካዝናው ጋር ይበልጥ ተጣበቀ።

መውጫ ያገኙም አልጠፉም። ሙጂብ ቃሲም ከዋንጫው በኋላ ከፋሲል ወደ አልጄሪያው ጄኤስ ካቢሊ ሄደ። በዚያው ዓመት 29 ግብ አግብቶ ክብረ ወሰን የሰበረው የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር በቀጣዩ ዓመት የደቡብ አፍሪካውን ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተቀላቀለ። ከእነሱ በፊት ሳላዲን ሰዒድ ግብፅና ቤልጂየም፣ ሽመልስ በቀለ ግብፅ፣ ጌታነህ ከበደ ደቡብ አፍሪካ፣ ጋቶች ፓኖም ሩሲያ ደርሰዋል። ስማቸው በአንድ ትንፋሽ ተቆጥሮ ማለቁ ግን ራሱ መልስ ነው። ዳቮስና ካዛን ለ390 ሰው በር ከፈቱ፤ የእኛዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ሯጮቹን እዩ። በጥር 2004 ዓ.ም. የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ ልምምድ ካምፕ አልገባችሁም ብሎ 35 አትሌቶችን አገደ፤ ቀነኒሳ በቀለም ነበረበት። እገዳው ብዙ ሳይቆይ ተነሣ። ለምን ቢባል፣ ሯጩ የሚበላው ከፌዴሬሽኑ እጅ ስላልሆነ ነው እላለሁ። ዱባይ አለ፣ በርሊን አለ፤ ማናጀሩ ስልክ ይደውላል። ፌዴሬሽኑ ሯጩን የሚፈልገውን ያህል ሯጩ ፌዴሬሽኑን አይፈልግም። አጥቂው ግን እንዲህ ያለ ስልክ የለውም።

ሌላ በር የሌለው ሰው በጓሮ ይገባል። ከጣሪያው በኋላ በውሉ ላይ 50,000 ተጽፎ የቀረው በሌላ መንገድ ይሰጣል የሚለው ወሬ ከካፌ አልፎ የስፖርት ጋዜጠኞች የዘወትር ርእስ ሆነ። የዚህ ጉዳቱ ለተጫዋቹ ነበር። ያልተጻፈ ገንዘብ ሲቀር አይከሰስበትም። ከክለብ ጋር ተጣልቶ ቢከስ በእጁ ያለው ወረቀት የሚመሰክርለት ለ50,000ው ብቻ ነበር።

ሕጉስ አለ። በፊፋ የተጫዋቾች ዝውውር ደንብ፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ፣ የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች የ15 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማፍረስ ይችላል። በደንብ የተጻፈ አንቀጽ ነው፤ ለካዛን ዓይነት ዓለም የተጻፈ። የእኛ ተጫዋች ማስጠንቀቂያውን ጽፎ፣ 15 ቀኑን ቆጥሮ፣ መልቀቂያውን በእጁ ይዞ ሲወጣ የሚያንኳኳው የሌላ ከተማ አስተዳደር ክለብ በር ነው። እዚያም በጀቱ የሚጸድቀው በምክር ቤት ነው፤ ደመወዙም የሚዘገየው በዚያው በሐምሌና በነሐሴ።