«ሞዱ በፕሌይስቴሽንም ይሠራል ብሎኛል፤ ልግዛለት?»

«ሞድ» ስል «ደሞ ማን ላይ ሞድ ሊያዝ ነው?» እንዳትሉኝ። የዛሬው ሞድ ሌላ ነው። አንድ የኮምፒዩተር ጌም ተሠርቶ ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ፣ ከሠራው ኩባንያ ጋር የሥጋም የአበልጅም ዝምድና የሌላቸው ሰዎች ቤታቸው ቁጭ ብለው የሚጨምሩበት ወይም የሚለውጡት ነገር ነው። አዲስ ልብስ፣ አዲስ መኪና፣ አዲስ ሰፈር... አንዳንዴም ጌሙን ከነጭራሹ ሌላ ጌም የሚያደርግ ለውጥ።

የሥራ ፈት ጨዋታ የሚመስለው ካለ ካውንተር ስትራይክን ያስታውስ። ስንቱን ተማሪ ከክፍል ያስቀረው ይህ ጌም እ.ኤ.አ. በ1999 ብቅ ሲል ሃፍ ላይፍ በተባለ ሌላ ጌም ላይ ሁለት ወጣቶች የሠሩት ሞድ ነበር። በዓመቱ የሃፍ ላይፍ ባለቤት የሆነው ቫልቭ ሥራውን ገዝቶ ልጆቹንም ቀጠራቸው። ዶታም እንዲሁ ከዋርክራፍት 3 ሆድ የወጣ ሞድ ነው። ስለዚህ ሞድ የሚነካካ ልጅ ያለበት ቤት «ጊዜውን ያባክናል» ብሎ ከመፍረዱ በፊት ትንሽ ረጋ ቢል ጥሩ ነው።

ይህን ሁሉ ያስጀመረኝ ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እህት ለዚህ አምድ የላከችው ጥያቄ ነው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ታናሽ ወንድሟ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ቤት ተቀምጧል። ለፋሲካ ስትመጣ ፕሌይስቴሽን 5 ይዛለት እንድትመጣ ለምኗታል። «ልጁ ዝም ብሎ ተጫዋች አይደለም» ትላለች። «ጎረቤት ባለ ኮምፒዩተር፣ ስካይሪም የሚባል ጌም ውስጥ የሐበሻ ልብስ ሠርቶ ለሰዎቹ አልብሶ ፎቶውን ልኮልኛል። ጥለቱ ሳይቀር ይታያል። አሁን ጎረቤቶቹ ቤት ለቀቁ። ሞዱ በፕሌይስቴሽንም ይሠራል ብሎኛል። ያጠራቀምኳት ገንዘብ ለአንድ ዕቃ ብቻ ነው የምትበቃው። ልግዛለት ወይስ እያታለለኝ ነው?»

እህቴ፣ እያታለለሽ አይደለም። ግን የነገረሽ ግማሹን ነው፤ ምናልባት እሱም የሚያውቀው ግማሹን ብቻ ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተር እንደ ገዛ ግቢ ነው። ማጀት ብትጨምሪበት፣ ግድግዳ ብታፈርሺበት የሚጠይቅሽ የለም፤ ቤቱ ቢወድቅብሽም ራስሽ ታነሺዋለሽ። ፕሌይስቴሽንና ኤክስቦክስን የመሳሰሉት፣ በአንድ ቃል ኮንሶል የሚባሉት፣ ግን ገንዘቡን ከፍለሽ የገባሽበት የኪራይ ቤት ማለት ናቸው። ዕቃው ያንቺ ነው፤ የሚያስኬደው ግን ሶኒ ወይም ማይክሮሶፍት የፈረሙበትን ፕሮግራም ብቻ ነው። ምስማር ለመምታት አከራይ ይጠየቃል።

አከራዮቹ ደግሞ ዝም ብለው አይደለም የሚጨነቁት። ከውጪ የመጣ ፕሮግራም እንደልብ የሚገባ ከሆነ የተሰረቀ ጌም ማስኬጃ ቀዳዳም አብሮ ይከፈታል። ልጆች የሚጫወቱበት ዕቃ ላይ ምን ዓይነት ምስል እንደሚመጣም አይታወቅም። በዚያ ላይ ጌሙ በተበላሸ ቁጥር የሚሰደበው ሞዱን የሠራው ልጅ ሳይሆን ኩባንያው ነው።

እንዲህም ሆኖ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው አንሪል ቶርናመንት 3 በፕሌይስቴሽን 3 ላይ ሰዎች በኮምፒዩተር የሠሯቸውን ሞዶች በፍላሽ ይቀበል ነበር። ከዚያ ነገሩ ቀዝቀዝ ብሎ ቆየ። ትልቁ ፈተና የመጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ቤተስዳ የተባለው ኩባንያ ፎልአውት 4 ለተሰኘው ጌሙ በኤክስቦክስ ዋን ላይ ሞድ ሲፈቅድ ሕዝቡ በደስታ ሰከረ። የፕሌይስቴሽን 4 ባለቤቶች ግን «ዛሬ ነገ» ሲባሉ ከረሙ። በመስከረም ላይ ጭራሽ «ሶኒ አልፈቀደም» ተባለ፤ በወሩ ደግሞ «ፈቅዷል» ተባለ። ሽምግልና የተላከ ነው የሚመስለው!

ፈቃዱ ግን ጅራት ነበረው። እህቴ፣ እዚህ ላይ ልብ በይ፤ ያንቺ ጥያቄ መልስ ያለው እዚሁ ጋ ነው። በፕሌይስቴሽን ላይ ተጠቃሚው የሚሠራው ሞድ ከውጪ የመጣ አዲስ ቅርጽ፣ አዲስ ምስል ወይም አዲስ ድምፅ መያዝ አይችልም። ጌሙ ውስጥ ቀድሞ ያለውን ዕቃ ማገላበጥ ብቻ ነው የተፈቀደው። ቤቱን ማሸጋሸግ፣ ጦሩን ማጠንከር፣ ዝናቡን ማብዛት ይቻላል። አዲስ ጥለት ያለው ቀሚስ ግን አዲስ ምስል ነው። ስለዚህ ወንድምሽ የላከልሽ ፎቶ ላይ ያለው ልብስ በዚያ በር አያልፍም። ቤተስዳ ራሱ መርምሮ የሚያቀርባቸው ተጨማሪዎች ከዚህ ውጪ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ የኩባንያው እንጂ የሰፈር ልጅ ሥራ አይደሉም።

በኤክስቦክስ በኩል ሰፋ ይላል። አዲስ ምስልም አዲስ ቅርጽም ይገባል። ለስካይሪም የተመደበው ቦታ በኤክስቦክስ 5 ጊጋባይት ሲሆን በፕሌይስቴሽን 1 ጊጋባይት ነው። በኮምፒዩተር ላይ ወሰኑ ያንተው ዲስክ ነው፤ መቶና ሁለት መቶ ሞድ ደርድሮ የሚጫወት ሞልቷል። ደሞ በኮምፒዩተር ካሉት ሞዶች መካከል ብዙዎቹ ከጌሙ ጎን የሚሮጥ ሌላ ረዳት ፕሮግራም ይፈልጋሉ። ያ ረዳት በሁለቱም ኮንሶሎች ላይ አይሠራም። እና «ኮምፒዩተር ላይ ያየሁት ሁሉ ኤክስቦክስ ላይ አለ» የሚላችሁ ሻጭ ካለ ፈገግ ብላችሁ እለፉት።

ታዲያ ኮንሶል ላይ ሞድ ከንቱ ነው? ኧረ በፍጹም! እኔ እንደማየው፣ የጌሙ ባለቤት ከመጀመሪያው አስቦበት በሩን ከሠራው ደህና አድርጎ ይሠራል። ፋርሚንግ ሲሙሌተር የተባለውን የእርሻ ጌም ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በፕሌይስቴሽንም በኤክስቦክስም ሰዎች የሠሯቸውን ትራክተሮችና ማሳዎች ያስገባል። ኩባንያው ራሱ እየፈተሸ ያሳልፋቸዋል፤ የራሱ አዲስ ፕሮግራም የተጻፈበት ሞድ ግን ወደ ኮንሶሉ አያልፍም። ትራክተር የፈለገ ትራክተሩን አገኘ፤ ማን ቅር ይለዋል? (በአገራችን ገበሬ በበሬ እያረሰ ከተሜው በሪሞት ትራክተር መንዳቱን ለሌላ ቀን እናቆየው።) ባልደርስ ጌት 3ም እንዲሁ ነው። ሞዱ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 በኮምፒዩተር ተጀምሮ በወሩ ኮንሶል ገባ፤ የሚገባው ግን ተመርጦና ተፈትሾ ነው።

እንዲያውም ኮንሶል አንድ የማይካድ ጥቅም አለው። ያንድ ዓይነት ኮንሶል ማሽን ሁሉ አንድ ነው። አንዱ ቤት ላይ የሠራ ሞድ ሌላውም ቤት እንዲሠራ ተስፋ አለው። የኮምፒዩተር ሰው ግን «እኔ ጋ ይዘጋል፣ አንተስ ጋ?» ሲባባል ያድራል። ሪሞቱን ይዞ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ሁለት ሦስት ነገር ጨምሮ መጫወት ለሚፈልግ ሰው ኮንሶል በቂው ነው ብዬ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።

ይህ ነገር ሩቅ የሚመስላችሁ የፕሌይስቴሽን ቤት ልጆችም አላችሁ አይደል? ፔስን አስታውሱ። ፈቃድ ስላልነበረው በብዙዎቹ እትሞች ቼልሲ «ለንደን ኤፍሲ»፣ ማንችስተር ሲቲ «ማን ብሉ» ይባሉ ነበር። ከፔስ 2016 ጀምሮ ፕሌይስቴሽን 4 ያለው ሰው በፍላሽ ትክክለኛውን ማሊያና አርማ ያስገባ ነበር። በኤክስቦክስ ዋን ደግሞ ይህ አይቻልም ነበር። አያችሁ? በስካይሪም በሩን ያጠበበው ፕሌይስቴሽን በፔስ ሰፋ አለ። ሁሉም በጌሙ ባለቤትና በኮንሶሉ ባለቤት ስምምነት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ጂቲኤ 5ን ብትወስዱ ደግሞ ኮምፒዩተር ላይ ያን ሁሉ ጉድ ሲያሠሩት የምታዩት ጌም በኮንሶል ላይ ንክች የለም።

ወደ እህታችን ልመለስ። ወንድምሽ ሲጫወት ብቻ ደስ የሚለው ልጅ ቢሆን ኖሮ «ኮንሶሉን ግዢለት፣ ከሞድም ከሆነ ኤክስቦክሱን» ብዬ እጨርስ ነበር። እሱ ግን ሠሪ ነው። ሞድ ደግሞ የትም ይጫን የት የሚሠራው ኮምፒዩተር ላይ ነው። የስካይሪም መሥሪያ ፕሮግራም በነጻ የሚገኘው ለኮምፒዩተር ነው፤ የባልደርስ ጌት 3ም መሥሪያ እንዲሁ። ልብስና ዕቃ መቅረጫ የሆነው ብሌንደርም ነጻ ነው። ፕሌይስቴሽን 5 ብትገዢለት የሌሎችን ሥራ የሚጭን ደንበኛ ይሆናል፤ የራሱ ቀሚስ ግን ጎረቤት ኮምፒዩተር ላይ እንደቀረ ይቀራል።

ስለዚህ የእኔ ምክር ያገለገለ ኮምፒዩተር ነው። አዲስ ካልሆነ ብለሽ አትጨነቂ። ስካይሪም እ.ኤ.አ. የ2011 ጌም ነው፣ ለሞድ የሚመረጠው ስፔሻል ኤዲሽኑም የ2016 ነው፤ የዘንድሮን ማሽን አይጠይቁም። ስትገዢ ግን ራሱን የቻለ የግራፊክስ ካርድ ያለው መሆኑን አስረጂ፣ ሻጩ ፊት ጌም አስከፍተሽ ሩብ ሰዓት ያህል እንዲሠራ አድርጊ፣ እንዳይግል እንዳይዘጋ እይ። ይኸው ዕቃ ሲቪ ይጽፍበታል፣ ትምህርትም ይማርበታል። ከመግዛትሽ በፊት ግን ደውዪለትና የፕሌይስቴሽኑን ሕግ ንገሪው። ሲያኮርፍ ይታየኛል፤ «በዚህ ኮንሶል ያንተን ቀሚስ ማስገባት አትችልም» ስትዪው ግን ራሱ ሐሳቡን ይቀይራል ብዬ እገምታለሁ።

ኮንሶል ቀድሞውኑ ላላችሁ ደግሞ ጥቂት ነገር ልበል። «ሰብሬ ሁሉን ሞድ እጭንልሃለሁ» የሚል ባለሙያ ቢመጣ፣ ኩባንያው ሲያውቅ ማሽናችሁን ከኔትወርኩ እንደሚያባርረው አስቡ። ሞድ ስትጭኑ የሠሪውን ስም እዩ። በ2016 የኤክስቦክስ በር እንደተከፈተ የኮምፒዩተር ልጆች የለፉበትን ሞድ ሳያስፈቅዱ በራሳቸው ስም የጫኑ ሌቦች ስንቱን ሠሪ አስቀይመዋል። አንድ በአንድ እየጫናችሁ ሞክሩ፤ አሥሩን ባንዴ ጭናችሁ ጌሙ ቢዘጋባችሁ ጥፋተኛውን አታገኙትም። ከመጫናችሁ በፊት ሴቭ ያደረጋችሁትን ለብቻ አስቀምጡ፤ ሞዱን መሃል ላይ ስታወጡት ሴቩ ሊበላሽ ይችላል። በስካይሪምና በፎልአውት 4 ደግሞ ተራ ሞድ በርቶ እያለ ፕሌይስቴሽን ዋንጫ አይሰጥም። ዋንጫ የምትሰበስቡ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጨርሱና ሞዱን ከዚያ በኋላ ጫኑ።