ስንዴና እርከን

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው በመኪናው መስኮት ቀና ብሎ ቢያይ፣ ከግርጌ እስከ ወገባቸው በድንጋይ እርከን የተቀነቱ ተራሮች ያጋጥሙታል። ብዙው ካብ የተካበው «ምግብ ለሥራ» በሚባለው ዘመን ነው፦ የአንድ ቀን ጉልበት በ3 ኪሎ ስንዴና በጥቂት ዘይት። ረሃብተኛውን ማብላትና ተራራውን መጠገን በአንድ መዝገብ ላይ ተጻፉ።

ሐሳቡ ግን እዚህ አልተወለደም። በእንግሊዝ የድሆች መርጃ ሕግ ኮሚሽን ጸሐፊ የነበረው ኤድዊን ቻድዊክ እ.ኤ.አ. በ1842 ባወጣው ሪፖርት፣ ቆሻሻ ሰፈር በሽታ እንደሚወልድ፣ በሽታ ደግሞ አባወራውን ገድሎ ቤተሰቡን ለመንግሥት እርዳታ እንደሚዳርግ አስረዳ። ክርክሩ የርኅራኄ ሳይሆን የሒሳብ ነበር፤ ቦይ መቅበር የሙት ልጆችን ከመጦር ይረክሳል አለ። ከ6 ዓመት በኋላ የሕዝብ ጤና ሕግ ወጣ።

አሜሪካ በ1933 ያንኑ ሒሳብ ወደ ጫካ ወሰደችው። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሥራ አጥ ወጣቶችን በካምፕ ሰብስበው ዛፍ ያስተክሉ፣ በጎርፍ የተቦረቦረ መሬት ያስጠግኑ ጀመር። ደመወዙ በወር 30 ዶላር ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ 25ቱ በቀጥታ ለወላጆች ይላክ ነበር። በ9 ዓመት ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጉ ወጣቶች አልፈውበታል። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ሥራ አጦችን ቀጥራ ውሃ የሚመጥጡ መጤ ዛፎችን ታስመነጥራለች፤ ከሚቆረጡት አንዱ ባሕር ዛፍ መሆኑ የእኛን ሰው ሳያስገርመው አይቀርም።

ኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም. የልማታዊ ሴፍቲኔትን ስትጀምር ዓላማው በየዓመቱ እርዳታ ከመለመን መውጣት ነበር። መነሻው 5 ሚሊዮን ያህል ሰው ሲሆን በኋላ ወደ 8 ሚሊዮን ተጠግቷል። ጉልበት ያለው እርከን ይሠራል፣ ቦረቦር በክትር ይዘጋል፣ ችግኝ ይተክላል፤ አዛውንትና አቅመ ደካማ ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል፤ ነፍሰ ጡርም ከድንጋይ ሥራ ትወጣለች። መጀመሪያ ላይ የቀኑ ክፍያ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲሰቀል ግን የቀኑ ብር 3 ኪሎ መግዛት አቃተው፤ ብዙ ገበሬም ብሩ ቀርቶ እህሉ እንዲሰጠው ፈለገ። ለመሬቱ የታሰበው እርከን ቆሟል፤ ለሰውየው የታሰበው ድርሻ ግን ሟሟ።

የዚህ ሒሳብ ሌላው ወገን፣ ለአካባቢ ሲባል ድሃው የሚከፍልበት፣ ፈረንሳይ ውስጥ ታየ። መንግሥት የካርቦን ልቀትን ለመቀነስ ሲል በነዳጅ ላይ የጣለውን ግብር እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ሊጨምር ሲነሣ፣ አውቶቡስ በማይደርስበት ገጠር የሚኖሩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ኅዳር ቢጫ ሰደርያ ለብሰው አደባባዮችን ዘጉ። ለአየሩ ጥቅም የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ጭማሪውን አስቆመው። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት ይህን ቀድማ አስባበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የካርቦን ግብር ስትጥል ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የሚመለስ ገንዘብ አብራ ደነገገች።

በእኛ ተራሮች ላይ ያለው ክርክር ከዚህ የራቀ አይደለም፤ መልኩ ብቻ ይለያል። ጋራ ከልቅ ግጦሽ ሲከለል ሣሩ ያገግማል፣ ከግርጌው ያለ ምንጭም ሊጎለብት ይችላል። ነገር ግን ሁለት ፍየል ብቻ ያላት ባልቴት መስኳን ያጣችው በዚያው ቀን ነው። ያቺው ባልቴት ደግሞ ምናልባት በዚያው ጋራ ላይ ድንጋይ ስትሸከም የከረመች ናት። ሣሩ ታጭዶ ሲከፋፈል ድርሻው በቤተሰብ ቁጥር ይሁን ወይስ በከብት ቁጥር የሚለው ነገር የቀበሌውን ስብሰባ ያስመሻል፤ በሬ ያላቸው በከብት ይሁን ይላሉ፣ ባልቴቷ በቤተሰብ።