ተጨማሪ መረጃ፦ የበረሃ ፈረስና የዱር አህያ

በናሚቢያ በረሃ ጋሩብ አካባቢ የሚታዩት ፈረሶች የዱር ቢባሉም ከለማዳ ፈረሶች ተወልደው በረሃ የገቡ ሲሆኑ፣ በአፋር በረሃ የሚገኘው የአፍሪካ የዱር አህያ ግን ለለማዳው አህያ የዘር ምንጭ የሆነና ለመጥፋት የተቃረበ እውነተኛ የዱር እንስሳ ነው። የዱር አህያውን ፍለጋ ከአርብ ገበያ ከተማ ተነስቶ በነፋስ መውጫ፣ በወልድያና በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርድ ተጓዥ፣ የአዲስ አበባና የጅቡቲ መንገድ የሚያቋርጠውን የያንጉዲ ራሳ ብሔራዊ ፓርክ ከሚሌ በስተደቡብ ያገኘዋል። ለጉዞው ሙቀቱ የሚቀንስባቸው ከኅዳር እስከ ጥር ያሉት ወራት ይመረጣሉ፤ በቂ ውኃና ምድሩን የሚያውቅ የአፋር መሪ ግን በየትኛውም ወቅት የግድ ያስፈልጋሉ። እግሩ ላይ ባሉት ጥቋቁር አግዳሚ መስመሮች የሚለየው የዱር አህያ ቁጥሩ እጅግ አነስተኛ ከመሆኑም በላይ ሰው ሲያይ ስለሚሸሽ፣ በአንድ ቀን ጉብኝት አገኘዋለሁ ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።