ከስፒከሩ በፊት ጆሮ

ለትንሣኤ ልጆቻችን ገንዘብ አዋጥተው «ለአባባ ባለ ትልቅ ዎፈር ሆም ቴአትር እንግዛ» አሉ። ባለቤቴ ድራማ ስናይ «ምን አለች?» ይሉ ነበር፤ በኋላ መጠየቁንም ትተው ደጅ ብቻቸውን መቀመጥ ጀመሩ።

እኔ በነርስነት ዘመኔ ያየሁት ትዝ አለኝ። ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ ቀድሞ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው። «ሰ»ን ከ«ፈ» የምንለየውም በዚሁ ነው። ዎፈር ወፍራሙን ድምፅ ያጎላል፤ ግድግዳ ያንቀጠቅጥ ይሆናል እንጂ ንግግር አያጠራም።

ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ኩክ ተገኘና በባለሙያ ታጠበ።

ቀጥሎ ያለ ወጪ የሚሠራውን ሠራን። ቡፌው ውስጥ የታፈኑትን ስፒከሮች አውጥተን በተቀመጠ ሰው ጆሮ ልክ አደረግን። ዎፈሩን ከግድግዳው ጥግ አራቅነው። የሲሚንቶ ቤት ድምፅ ስለሚያስተጋባ ጓዳ ተጠቅልሎ የነበረውን ምንጣፍ አነጠፍን።

ያኔ ነው የመሃሉ ስፒከር እንደማይሠራ ያወቅነው። ባለ አምስት ስፒከር ዕቃ ላይ የፊልም ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ከመሃሉ ነው። ከጀርባው የተጻፈውን ኦም አይተን፣ ተመሳሳዩን ገዛን። በተረፈው ገንዘብ፣ መብራታችን ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ ስታቢላይዘር ጨመርን።

ድምፅ ስትከፍቱ ልክ ይኑረው። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ለ40 ሰዓት ለአዋቂ ከ80፣ ለልጅ ከ75 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይመክራል።

ባለቤቴ አሁንም ሁሉን አይሰሙም። ግን ከደጅ ገብተው መሃላችን ተቀምጠዋል፤ «ምን አለች?» ማለትም ጀምረዋል።