ሁለት ውጤት፣ አንድ ደረጃ

በደቡብ ህንድ፣ በኬረላ ክልል ምህንድስና ሊማር የሚፈልግ ልጅ ሁለት ውጤት ይዞ ይቀርባል። አንዱ በ12ኛ ክፍል ማጠቃለያ ፈተና በሒሳብ፣ በፊዚክስና በኬሚስትሪ ያመጣው ማርክ ነው፤ ከ300 ይታሰባል። ሌላው ኪም በሚባለው የክልሉ መግቢያ ፈተና ያገኘው ነጥብ ነው፤ እሱም ወደ 300 ይለወጣል። ሁለቱ ተደምረው ከ600 ይያዙና ተማሪዎቹ ደረጃ ይወጣላቸዋል። ኮሌጅና ዲፓርትመንት የሚመደበው በዚያ ደረጃ ነው፤ የቀደመ የፈለገውን ይይዛል፣ የዘገየ ከተረፈው ይመርጣል። ኬረላ ለእኛ እንግዳ ስም አይደለም፤ በንጉሡ ዘመንና ከዚያም በኋላ በየክፍለ ሀገሩ ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሩን የህንድ መምህራን ብዙዎቹ የመጡት ከዚያ ነው።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። ጣጣው ያለው የመጀመሪያው 300 ላይ ነው። እኛ አገር የ12ኛ ክፍል ፈተና ለአገሩ ሁሉ አንድ ነው፤ ህንድ ውስጥ ግን 12ኛ ክፍልን የሚፈትነው ብዙ ነው። ኬረላ የራሱ ቦርድ አለው፤ ሲቢኤስኢ የተባለው ማዕከላዊ ቦርድ አለ፤ ሲአይኤስሲኢ የሚባል ሌላ አገር አቀፍ ቦርድ አለ፤ ሌሎቹም ክልሎች የየራሳቸው አላቸው። ጥያቄውም እርማቱም ይለያያል። አንዱ ማርክ ሲለግስ ሌላው ይቆነጥራል። የሁለቱን 90 እንዳለ ወስዶ መደመር ለጋስ ቦርድ የደረሰውን ልጅ ባልሠራው ማስቀደም ነው።

ስለዚህ ማርኩ ከመደመሩ በፊት ይመጣጠናል። ለአብነት ያህል፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2025 በተሠራበት ቀመር የሚከተሉትን ቁጥሮች እንያዝ። በአንድ ቦርድ የሒሳብ አማካይ 70፣ የውጤቱ መበታተን (ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ) 11 ይሁን፤ አንዲት ተማሪ 92 አመጣች። ከአማካዩ በ22 ትበልጣለች፤ 22 ለ11 ሲካፈል 2 ነው። በሌላው ቦርድ አማካዩ 60፣ መበታተኑ 12 ይሁን፤ አንድ ልጅ 84 አመጣ። በ24 ይበልጣል፤ ለ12 ሲካፈል እሱም 2። ሁለቱም ከየጓደኞቻቸው እኩል ርቀው ወጥተዋል ማለት ነው። አሁን ሁለቱ ከሁሉም ቦርዶች የበርካታ ዓመታት ውጤት በወጣው የጋራ አማካይና መበታተን ይሰላሉ። የጋራው አማካይ 65፣ መበታተኑ 12 ከሆነ ሁለቱም 89 ይያዝላቸዋል። እሷ 3 ማርክ ቀነሰባት፣ እሱ 5 ተጨመረለት።

የሒሳብ ሰው ይህን ሲያይ ፍትሐዊ ነው ይላል። ልጇ 92 አምጥታ 89 የተጻፈባት እናት ግን ማን ወሰደብኝ ብላ ብትጠይቅ አይፈረድባትም። የኬረላ ክልል ቦርድ ተማሪዎችም ለዓመታት ያሰሙት ቅሬታ ይኸው ነበር፤ ቦርዳቸው ጥሩ ማርክ ስለሚሰጥ በማመጣጠኑ የሚቀነስባቸው እነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2025 የክልሉ መንግሥት ቀመሩን ቀየረ፤ የሦስቱን ትምህርቶች ድርሻም ለሒሳብ 5፣ ለፊዚክስ 3፣ ለኬሚስትሪ 2 አደረገ። የቀየረው ግን ፈተናው ከተሰጠ በኋላ፣ ደረጃው ሊወጣ ሲል ነበር። የደረጃው ዝርዝር በጁላይ መጀመሪያ ወጣ፤ የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዚያው ወር ሰረዘው፤ ውሳኔው በይግባኝም ጸና። መንግሥት በአሮጌው ቀመር አዲስ ዝርዝር ሲያወጣ አንደኛ የነበረው ተማሪ ወርዶ ሌላ አንደኛ ሆነ። አንድም ልጅ ዳግመኛ አልተፈተነም፣ አንድም መልስ እንደገና አልታረመም።

እኔ ከፍርድ ቤቱ ጋር ነኝ። የክልሉ ተማሪዎች ቅሬታ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ቀመሩም ሊሻሻል ይገባው ይሆናል። ነገር ግን አንድ ልጅ ጊዜውን ለሒሳብ ወይም ለኬሚስትሪ ከፋፍሎ የሚያጠናው የታወቀ ደንብ አምኖ ነው። ደንቡ የሚለወጥ ከሆነ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ሳይመዘገቡ በፊት ይታወጅ።

ጎረቤቱ ታሚል ናዱ ሌላ መንገድ ሄዷል። ድሮ እዚያም ሁለቱ ይደመሩ ነበር፤ 200 ከ12ኛ ክፍል፣ 100 ከመግቢያ ፈተና። በ2006 በወጣ ሕግ ግን የመግቢያ ፈተናው ቀረ። ምክንያቱ ለእኛም ቅርብ ነው፤ አስጠኚ መቅጠር የሚችል የከተማ ልጅ ይቀድማል፣ የገጠሩ ልጅ በት/ቤቱ ጎበዝ ሆኖ ሳለ ወደ ኋላ ይቀራል። በራጃስታን ክልል ያለችውን የኮታ ከተማ ያየ ይህን አይጠራጠርም። ቪ. ኬ. ባንሳል የሚባሉ መሐንዲስ በ1980ዎቹ ቤታቸው ውስጥ ማስጠናት ጀመሩ፤ ዛሬ ከተማዋ በጠቅላላ የማስጠኛ ከተማ ሆናለች። ስሙ በአንድ ት/ቤት መዝገብ ላይ ሰፍሮ ቀኑን ሙሉ ማስጠኛ ቤት የሚውል ተማሪ ብዙ ነው። ጄኢኢ ሜይን የሚባለው አገር አቀፍ የምህንድስና መግቢያ ፈተና ከ2013 እስከ 2016 ድረስ ለ12ኛ ክፍል ማርክ 40 በመቶ የሰጠው ልጆቹን ወደ ክፍላቸው ለመመለስ ነበር። ከ2017 ጀምሮ ቀርቶ ማርኩ ዝቅተኛ መስፈርት ብቻ ሆነ።

አሁን በታሚል ናዱ ሒሳብ ከ100፣ ፊዚክስ ከ50፣ ኬሚስትሪ ከ50 ተይዞ ከ200 ይቆጠራል። ፈተናው አንድ ብቻ ሲሆን ደግሞ እኩል የሚያመጣው ይበዛል። እኩል ሲሆኑ መጀመሪያ የሒሳብ፣ ቀጥሎ የፊዚክስ ማርክ እያለ ይታያል። በሁሉም እኩል ከሆኑ ለየአመልካቹ ቀድሞ በኮምፒውተር በዕጣ የተሰጠው ባለ 10 አሃዝ ቁጥር ይነጻጸራል፤ ትልቅ ቁጥር የደረሰው ይቀድማል። ብዙ ሰው በዚህ ይናደዳል፤ እኔ ግን ሐቀኝነቱን እወድለታለሁ። ማርክ ሁለት ልጆችን መለየት ያቃተው ቦታ ላይ ደርሶ አቃተኝ ማለቱ ነው።

የመግቢያ ፈተናው መቅረት ብቻውን የገጠሩን ልጅ አላስገባውም፤ ጥሩ ማርክም ጥሩ ት/ቤት ይፈልጋልና። ስለዚህ ክልሉ በ2021 ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በመንግሥት ት/ቤት ለተማሩ ልጆች 7.5 በመቶውን ቦታ በሕግ ለየላቸው። እነዚህ ልጆች ደረጃ የሚወጣላቸው እርስ በርሳቸው ነው፤ የትምህርትና የማደሪያ ክፍያቸውንም ክልሉ ይሸፍናል።